የእግር ኳስ ማኅበር የማን ነው? ስለ ስፖንሰርና ስለ ባለቤትነት ሥነ ምግባር የቀረበ ጥናት

«ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ስለ እግር ኳስ ስንከራከር ግን ብዙውን ጊዜ ነገሩን ከጫፉ እንይዘዋለን። ቅዳሜና እሑድ በጅግጅጋ ያሉት የቴሌቪዥን ቤቶች በተማሪ ይሞላሉ። ማን እንዳሸነፈ፣ ማን እንደ ተሸጠ፣ የትኛው አሠልጣኝ መባረር እንደሚገባው እስከ እኩለ ሌሊት እንነጋገራለን። ዳሩ ግን በተጫዋቹ ደረት ላይ የተጻፈው ስም የማን እንደ ሆነና ለምን እንደ ተጻፈ፣ ማኅበሩንም ነገ ማን ሊሸጠው ወይም ሊያፈርሰው እንደሚችል የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው።

ይህ ጥያቄ ለእንግሊዝና ለስፔን ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ከተማችን እያደገች ነው። ጅግጅጋ በ2006 እና በ2016 ዓ.ም. የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀንን ያስተናገደች ከተማ ናት። በቶጎ ውጫሌ በር የሚያልፈው ንግድ ብዙ ባለጸጎችን አፍርቷል። በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬ፣ በሽንሌ አቧራ ላይ በባዶ እግሩ የሚጫወት ልጅ ሞልቷል። ገንዘቡም ልጁም ካለ፣ አንድ ቀን ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው መምጣቱ አይቀርም። ያ ሰው ከመምጣቱ በፊት በምን ውል እንደምንቀበለው ማሰብ የተማሪ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

1ኛ/ ስለ ቃላቱ ትርጉም

በመጀመሪያ ሦስት ሰዎችን ለይተን እንወቅ፤ እነርሱም ስፖንሰር፣ ባለቤትና ደጋፊ ናቸው። ስፖንሰርን በአማርኛ «ደጋፊ» ብንለው በሜዳው ዳር ቆሞ ከሚጮኸው ደጋፊ ጋር ይምታታብናል፤ ስለዚህ እንግዳውን ቃል እንዳለ ልንይዘው ተገድደናል።

ስፖንሰር ማለት ስሙ እንዲታወቅለት ገንዘብ የሚከፍል ነው። የሚገዛው ቦታ ነው፤ ወይ የመለያውን ደረት፣ ወይ የሜዳውን አጥር፣ ወይ የውድድሩን ስም። ውሉ ዘመን አለው፤ ዘመኑ ሲያልቅ ይሄዳል። ባለቤት ግን ሥልጣን ያለው ነው። አሠልጣኝ ይሾማል፣ ይሽራል፤ ስም ይለውጣል፤ ማኅበሩን ይሸጣል፤ ሲከፋም ያፈርሳል። ደጋፊው ከሁለቱም ይለያል። ውል አይፈርምም፤ ደመወዝም አይቀበልም። ነገር ግን ያለ እርሱ የስፖንሰሩ ማስታወቂያ የሚያነበው አያገኝም፤ የባለቤቱም ንብረት ዋጋ የለውም። ስፖንሰሩ የሚገዛው፣ ባለቤቱም የሚሸጠው ነገር በእውነቱ የደጋፊው ፍቅር ነው።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው በብዙ ዘመን ያከማቸውን ፍቅር አንድ ሰው በገንዘቡ ብቻ እንደ ፈለገ ሊያዝበት ይገባዋልን?

2ኛ/ የቢርካው ምሳሌ

ከሐርትሼክ እስከ ድንበሩ ባለው በሐውድ ሜዳ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ስለዚህ ከ1950ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አቅም ያለው ሰው መሬት ቆፍሮ፣ በሲሚንቶ ለስኖ፣ የዝናቡን ውሃ የሚያጠራቅምበት ቢርካ መሥራት የተለመደ ሆኗል። በበጋ ውሃውን ለከብት አርቢው ይሸጣል። በዚህ የሚነቅፈው የለም፤ ሲሚንቶውን የገዛ፣ ጉልበቱን ያወጣ እርሱ ነውና።

ነገር ግን ዝናቡ የእርሱ አይደለም። በቢርካው ዙሪያ ያለው የግጦሽ ሣርም የጋራ ነው። የቢርካው ጌታ ውሃ አለኝ ብሎ ሣሩን ጭምር የኔ ነው ቢል፣ ወይም በድርቅ ቀን ቢርካውን ቆልፎ ቢሄድ፣ ሽማግሌዎች ዝም ብለው አያዩትም። የግል ገንዘብ በጋራ ሀብት መካከል ሲቆም ግዴታ ይከተለዋል የሚለውን ሐሳብ የዚህ አገር ሰው ከመጽሐፍ አልተማረውም።

የእግር ኳስ ማኅበርም እንዲሁ ነው። ገንዘብ ያወጣው ሰው ቢርካውን ሠርቷል፤ ምስጋናም ትርፍም ይገባዋል። ሣሩ፣ ማለት የከተማው ስም፣ የልጆቹ ተስፋና የደጋፊው ፍቅር፣ ግን የጋራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። የቀረው በአገራችንና በዓለም የታየውን በዚሁ ሚዛን መመዘን ነው።

3ኛ/ በአገራችን የታየው

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ማኅበራት አጀማመር የባለጸጋ ሥራ አልነበረም። ቅዱስ ጊዮርጊስን በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመሠረቱት አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው፤ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዓመት ማለት ነው። በኋላ በደርግ ዘመን ማኅበሩ የቀድሞ ስሙን ትቶ በቢራ ፋብሪካ ስም እንዲጫወት ተደረገ። ደጋፊው ግን ቡድኑን በልቡ በአሮጌው ስም ይጠራው ነበር፤ ዘመኑ ሲለወጥም ስሙ ተመለሰ። ከዚህ የምንማረው ስም በትእዛዝ ሊፋቅ ቢችልም ባለቤቱ ከሆነው ሕዝብ አፍ በቀላሉ እንደማይጠፋ ነው።

ወደ እኛ ወደ ምሥራቁ ስንመለስ የፋብሪካውን ዘመን እናገኛለን። የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960፣ በ1962፣ በ1963ና በ1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበር። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው የብሔራዊ ቡድናችን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የተጫወተው ለዚሁ ማኅበር ነው። የሐረሩ ኦጋዴን አንበሳም እ.ኤ.አ. በ1978 ሻምፒዮን ሆኗል። የምሥራቁ ክፍል እግር ኳስ አያውቅም የሚል ካለ ይህን ታሪክ ያንብብ። ዳሩ ግን ጥጥ ማኅበርም ሆነ ኦጋዴን አንበሳ ዛሬ በፕሪሚየር ሊጉ ሠንጠረዥ ላይ የሉም።

በኋላ ዘመን የሐረር ቢራ ቡድን የፋብሪካውን ስም ይዞ በፕሪሚየር ሊጉ ለዓመታት ተጫወተ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2011 ከበደሌ ፋብሪካ ጋር ለሆላንዱ ሃይነከን ኩባንያ ተሸጠ። ዛሬ ያ ስም ከሊጉ የለም። ፋብሪካ የሚሸጠውና የሚገዛው ስለ ቢራው ገበያ ታስቦ ነው። ማኅበር የፋብሪካው ክፍል በሆነበት አገር ሁሉ፣ የማኅበሩ ዕድል ስለ ኳስ ምንም በማያስብ ሰው የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ይወድቃል።

ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሚሆንልን የጎንደር ነገር ነው። በጎንደር የፋብሪካው ቡድን ዳሽን ቢራ በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ወረደ፤ ከዚያም ፈረሰ። በዚያችው ከተማ ፋሲል ከነማ የሚባል የከተማው ስምና የከተማው ደጋፊ ያለው ማኅበር ነበር። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ከተማው አንድ ነው፤ ሕዝቡም አንድ ነው። ልዩነቱ ግን አንዱ ማኅበር ፋብሪካው ሲሰለቸው የሚጥለው ዕቃ ነበር፤ ሁለተኛው ግን የሚጥለው ሰው ቢመጣ እንኳ የሚያነሣው ሕዝብ ነበረው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ማለት ይህ አይደለምን?

4ኛ/ መንግሥት ባለቤት ሲሆን

አንባቢ «እንግዲያውስ ማኅበሩን የከተማው አስተዳደር ይያዘው» ይል ይሆናል። በእርግጥም በፕሪሚየር ሊጋችን ያሉት አብዛኞቹ ማኅበራት የከተማ አስተዳደሮች ወይም የመንግሥት ድርጅቶች ናቸው። ጎረቤታችን ድሬዳዋ ከተማ የአስተዳደሩ ነው። መቻል የመከላከያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ስሙ ራሱ ባለቤቱን ይናገራል።

ይህ ዓይነቱ ባለቤትነት አንድ መልካም ጎን አለው፤ ማኅበሩ በአንድ ሰው ኩርፊያ አይፈርስም። ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ለተጫዋቾች የሚከፈለው ገንዘብ የማን ነው? የከተማ አስተዳደር ከራሱ ኪስ የሚያወጣው ገንዘብ የለም፤ የሚያወጣው ግብር ከፋዩ የሰጠውን ነው። በየገበያው ተቀምጣ የግመል ወተት የምትሸጠው እናትም ከዚያ ውስጥ ድርሻ አላት። የውሃ ቧንቧ ባልደረሰበት ሰፈር ለአንድ አጥቂ በወር ብዙ ሺህ ብር ሲከፈል፣ ሕዝቡ ቢያንስ ስንት እንደ ተከፈለና ለምን እንደ ተከፈለ ማወቅ አለበት።

ነገሩ እየገፋ በመሄዱ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ፌዴሬሽኑና ማኅበራቱ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ስምምነቱ ጥሩ ነበር፤ ዳሩ ግን ገደብ ሲጣል በጎን የሚከፈልበት መንገድ ይፈለጋል። መዝገቡ ለሕዝብ ካልተገለጠ ገደቡ በወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ በመንግሥት ባለቤትነት ላይ ያለው የሥነ ምግባር ሕግ አጭር ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ከሆነ ሒሳቡም የሕዝብ ይሁን።

5ኛ/ በደረት ላይ የሚጻፈው ስም

አሁን ወደ ስፖንሰሩ እንመለስ። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጋችን በአዲስ መልክ ተጀመረ። ውድድሩን የሚመራው ማኅበራቱ ባለ ድርሻ የሆኑበት አክሲዮን ማኅበር ሆነ፤ የደቡብ አፍሪካው መልቲቾይስ ጨዋታዎቹን በዲ ኤስ ቲቪ ለማሳየት የብዙ ሚሊዮን ዶላር የአምስት ዓመት ውል ገባ። ኳሳችን በአህጉሩ መታየቱ ያስደስታል። ነገር ግን ሊጉ ለጥቂት የውድድር ዘመናት የተጠራው ቤትኪንግ በሚባል የውርርድ ድርጅት ስም ነበር። ጨዋታውን የሚያሳየው መልቲቾይስም በዚያው የውርርድ ድርጅት ውስጥ የአክሲዮን ድርሻ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ድርሻውን ወደ 49 በመቶ አሳድጓል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ ብለህ ተመልከት። ጨዋታውን የሚያሳይ፣ በጨዋታው ላይ ከሚደረገው ውርርድም የሚያተርፍ አንድ ወገን ሲሆን፣ ጨዋታው እውነተኛ መሆኑን የሚጠብቀው ማን ነው? ወንጀል ተሠርቷል ማለቴ አይደለም። ግን ዳኛ ከአንዱ ቡድን ጋር እራት ቢበላ ጉቦ ባይበላም እንኳ እንነቅፈዋለን። ገንዘብ በሁለት በር ሲገባ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የውርርዱ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች ከሁሉም ይቀርባል። የወር ወጪ ከቤተሰብ ተልኮለት በአንድ ቅዳሜ በውርርድ የጨረሰ ጓደኛ የማያውቅ ማን ነው? የሚወደው ማኅበር ስሙን በደረቱ የያዘው ድርጅት ለልጁ አደገኛ መስሎ አይታየውም። ማስታወቂያው የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ለማኅበሩ ያለንን አመኔታ ለድርጅቱ ያውሰዋል። በእንግሊዝ አገር እንኳ የፕሪሚየር ሊጉ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2023 የውርርድ ድርጅቶችን ስም ከመለያቸው ፊት ለፊት ለማንሣት ተስማምተዋል፤ ስምምነቱ የሚጸናው ግን የ2025/26 የውድድር ዘመን ሲያልቅ እንዲሆን አድርገውታል፤ ገንዘቡን መተው ቀላል አልሆነላቸውምና። ያውም ከፊት ለፊቱ እንጂ ከእጅጌው አይደለም።

ስለ ቢራም እንዲሁ ነው። በአገራችን ብዙ ማኅበር በቢራ ገንዘብ ኖሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ሰሌዳ ሲከለክል፣ በመለያ ላይ ስላለው ስም የሚደረገው ክርክር ይበልጥ ከባድ ሆነ።

በሶማሌ ክልል ደግሞ የሃይማኖትም ነገር አለ። ከዚህ አገር የሚወጣው ተጫዋች በአመዛኙ ሙስሊም ነው። ውርርድና አልኮል በእምነቱ ክልክል ናቸው። የማሊው ተጫዋች ፍሬደሪክ ካኑቴ እ.ኤ.አ. በ2006 በስፔኑ ሴቪያ ሲጫወት የውርርድ ድርጅት ስም ያለበትን መለያ ስለ እምነቱ ሲል አልለብስም ብሎ ነበር። ካኑቴ ስመ ጥር ስለ ነበረ ቃሉ ተሰማ። ከቀብሪ በያህ የሄደ የ18 ዓመት ልጅ፣ የመጀመሪያ ውሉን የሚፈርምበት ቀን፣ እንዲህ ለማለት ድፍረቱ አለውን? ማኅበሩ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው። ለተጫዋቹ ደመወዝ የከፈለ ሁሉ ኅሊናውን አልገዛም።

አንዳንድ ሰው «ገንዘብ ገንዘብ ነው፤ ተጫዋቹ መብላት አለበት፤ ንጹሕ ገንዘብ ብቻ እንፈልጋለን ካልን ኳሱ ይቆማል» ይላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በንቀት ልናልፈውም አይገባም። በእኛ አገር ከሁሉ የሚከብደው የጫት ነገር ነው። ጫት ከአወዳይ ተነሥቶ በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ አልፎ ወደ ሐርጌሳ ይሄዳል፤ ንግዱ የታወቀና ግብር የሚከፈልበት ነው፤ ብዙ ቤተሰብ በእርሱ ይኖራል። የጫት ነጋዴ ለሰፈር ውድድር ዋንጫና ኳስ ቢገዛ አታምጣ እንበለውን? የእኔ መልስ እንዲህ ነው። ነጋዴው እንደ ማንኛውም የከተማው ሰው ከገንዘቡ ሊሰጥ ይችላል፤ ስጦታውም በግልጽ ይመዝገብለት። ነገር ግን የዕቃው ስም በ14 ዓመት ልጅ ደረት ላይ አይጻፍ። መስጠትና መሸጥ ለየብቻ ናቸው። ለኳሱ ብሎ የሰጠ ስሙ በልጁ ደረት ላይ ባይጻፍም አይቀየምም፤ የሚቀየም ከሆነም ቀድሞውኑ የፈለገው ልጁን እንደ ነበረ እናውቃለን።

6ኛ/ ከሌላው ዓለም የምንማረው

በእንግሊዝ አገር በሪ የሚባል ትንሽ ከተማ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ ነበረው። በ2018 መጨረሻ አንድ ሰው በአንድ ፓውንድ ገዛው። በሚቀጥለው ዓመት ማኅበሩ ዕዳውን የሚከፍልበት ገንዘብ መኖሩን ማስረዳት ስላልቻለ ከሊጉ ተባረረ። 134 ዓመት የቆየ ነገር አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ጠፋ። ሕጉ የጠየቀው ገዥው መግዛት መቻሉን እንጂ ማኖር መቻሉን አልነበረም።

በዚያው አገር የዊምብልደን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 ከለንደን ወደ ሌላ ከተማ እንዲዛወር ሲፈቀድ ደጋፊዎቹ የራሳቸውን አዲስ ማኅበር አቋቋሙ። ከታችኛው እርከን ጀምረው በ2011 ወደ ዋናዎቹ ሊጎች ወጡ። ባለቤቱ ፈቃዱን ይዞ ሄደ፤ ማኅበሩ ግን ከሰዎቹ ጋር ቀረ።

ጀርመኖች ነገሩን በሕግ አስረውታል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ባለሀብት ቢገባም ከግማሽ የሚበልጠው ድምፅ በማኅበሩ አባላት እጅ እንዲቀር ይጠይቃሉ። ሕጉ ፍጹም አይደለም፤ በ2009 የተቋቋመው የላይፕዚግ ቡድን ድምፅ ያላቸውን አባላት እጅግ ጥቂት በማድረግ መንገድ አግኝቶለታል። ሆኖም ብዙዎቹ የጀርመን ማኅበራት ዛሬም ያለ አባሎቻቸው ፈቃድ አይሸጡም።

የስፖንሰርነት ነገር ከማኅበር አልፎ እስከ አገር ጉዳይ ይደርሳል። የሩዋንዳ መንግሥት ቱሪስት ለመሳብ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የአገሩን ስም በአርሰናል መለያ እጅጌ ላይ አስጻፈ። በጥር 2025 የኮንጎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በምሥራቅ ኮንጎ ያለውን ጦርነት ምክንያት አድርጋ ለአርሰናል፣ ለባየርን ሙኒክና ለፓሪሱ ቡድን ውላቸውን እንዲመረምሩ ጻፈች። በጅግጅጋ ቴሌቪዥን ቤት ተቀምጦ ያን እጅጌ የሚያይ ተማሪ፣ ፍርዱ ለየትኛውም ወገን ይሁን፣ አንድ እጅጌ ምን ያህል ነገር እንደሚሸከም ቢያውቅ መልካም ነው።

7ኛ/ በእኛ ከተማ ምን ይደረግ?

የሶማሌ ሽማግሌዎች «ሔር» የሚሉት የቃል ሕግ አላቸው። ውሉ በዛፍ ጥላ ሥር፣ በምስክር ፊት፣ ሁሉ እየሰማ ይደረጋል። የጉዳት ካሣ፣ እርሱም «መግ» የሚባለው፣ ሲከፈል ሁሉም ድርሻውን ያዋጣል፤ ያዋጣም ስለሆነ ይናገራል። ይህ ሥርዓት ለእግር ኳስ ማኅበር የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ በጅግጅጋ ወይም በአካባቢዋ ከተሞች ለሚቋቋም ማኅበር የሚከተሉትን ሐሳቦች ለውይይት አቀርባለሁ።

ሀ/ የማኅበሩ ስም፣ ቀለምና ከተማ በገንዘብ የማይለወጡ ይሁኑ። ፋብሪካም ሆነ ነጋዴ ቢመጣ ስሙ ከማኅበሩ ስም በታች ይጻፍ እንጂ አይተካው።

ለ/ ደጋፊው በትንሽ መዋጮ አባል ይሁን፤ በአስተዳደር ጉባኤውም ድምፅ ይኑረው። 20 ብር ያዋጣ ልጅ የ20 ብር ሰው አይደለም፤ የማኅበሩ ሰው ነው።

ሐ/ ገንዘብ የሚሰጥ ሁሉ ምንጩ ይታወቅ። የስፖንሰር ውልና የዓመቱ ሒሳብ በአደባባይ ይነበብ፤ በሶማሊኛም በአማርኛም ይለጠፍ።

መ/ ባለሀብቱ ሲገባ የመውጫው ቀን በውሉ ይጻፍ። ለመልቀቅ ቢፈልግ አንድ የውድድር ዘመን አስቀድሞ ያስታውቅ፤ የተጫዋቾቹንም ደመወዝ እስከዚያው ያስይዝ። በድርቅ ቀን ቢርካ አይቆለፍም።

ሠ/ ውርርድ፣ አልኮልና ጫት በልጆች ቡድን ላይ አይጻፉ። በአዋቂዎችም ቡድን፣ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም ያለ ተጫዋች ያለ ቅጣት ባዶ መለያ ይልበስ።

እነዚህ አምስቱ ገንዘብ ያሸሻሉ የሚል ይኖራል። እርግጥ ነው፣ አንዳንዱን ገንዘብ ያሸሻሉ። የሚሸሸው ግን በሥርዓት መታየት የማይወድ ገንዘብ ነው፤ እርሱ ቢቆይም ኖሮ መሄጃውን እንጂ መምጫውን አይነግረንም ነበር። በግልጽ መስጠት የሚፈልግ ነጋዴ በተጻፈ ውል ይደሰታል፤ ስጦታው ከጥርጣሬ ይጠበቅለታልና።

ጥጥ ማኅበር ከድሬዳዋ ተነሥቶ አገሩን ደጋግሞ ሲያሸንፍ የምሥራቁ ልጅ እንደሚችል አስመስክሯል። የጎደለው ችሎታ አልነበረም፤ ከፋብሪካው ዕድሜ የሚያልፍ ሥርዓት ነበር። የሚቀጥለው ማኅበር ሲመሠረት በጉባኤው ከሚቀመጡት መካከል ዛሬ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ተማሪዎች መኖራቸው አይቀርም፤ አንዱ ሒሳብ ያዥ፣ አንዱ የሕግ አዋቂ፣ አንዱ የከተማ ሹም ሆኖ። ሐሳቤን የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ እኔም አነብበዋለሁ።